በአንባቢያን ቅሬታ ተሻሽሎ የቀረበ

የሰው ልጅ ካቋቋማቸው ታላላቅ ተቋማት ሁሉ የቅሬታ ሰሚ ክፍልን የሚያህል አልተገኘም። ፍርድ ቤት ይፈርዳል፤ በፈረደ ቁጥር ግን አንዱን ያስከፋል። ሐኪም ቤት ያክማል፤ መጀመሪያ ግን መርፌ ይወጋል። የቅሬታ ሰሚ ክፍል ይሰማል። በቃ፣ ይሰማል። ሰምቶም ማንንም አስከፍቶ አያውቅም፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ ቀድሞ ተከፍቶ ነውና የሚሄደው።

የዚህ ክፍል ኃላፊ እውነተኛ ስማቸው መታወቂያቸው ላይ ተጽፏል፤ በሰው አፍ ግን «አቶ ይታያል» ናቸው። ባለጉዳይ ሲገባ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፤ አንገታቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ብዕራቸውን ከድነው «ይታያል» ይላሉ። ይህችን ቃል ሲሏት ድምፃቸው ውስጥ ያለው ርኅራኄ አንጀት ይበላል። እያለቀሰ የገባ ሰው እያለቀሰ አይወጣም፤ ግራ ተጋብቶ ነው የሚወጣው። አቶ ይታያል በሥራ ዘመናቸው አንድም ሰው «እምቢ» ብለው አያውቁም። «እሺ»ም ብለው አያውቁም።

ከቢሯቸው መስኮት ፊት ለፊት ዱቄት፣ ሳሙናና ሻማ የምትሸጥ አንዲት ሴት ሱቅ አላት። ከሱቋ ደጃፍ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ያልፋል። ያልፋል ይባላል እንጂ ውኃ ካለፈበት ቆይቷል፤ አፈርና ቆሻሻ ደፍኖታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ሱቁ ይገባል፤ ዱቄቱም ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ባለሱቋ በየበጋው ወረፋ ጠብቃ ትገባለች።

«ጌታው፣ ዝናቡ ሳይመጣ ያንን ቦይ አስጠርጉልኝ።»

«ይታያል እመቤት።»

«መታየቱንማ ይታያል፤ ከመስኮትዎ ሥር እኮ ነው!»

አቶ ይታያል፣ ባለጉዳይ በማይኖርበት ሰዓት፣ ባለጉዳይ በሚኖርበትም ሰዓት፣ ለዓመታት አንድ ልብ ወለድ ሲጽፉ ኖሩ። ልብ ወለዱ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ጥሩ ነበር። ወንድሙ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የወንድሙን ሚስት ወርቅ የሚሰርቅ አንድ አጎት አለ። ወርቁን በጣሳ አድርጎ ከተደፈነ ቦይ አጠገብ ይቀብረዋል። ክረምት ይገባል፣ ቦዩ ይሞላል፣ ጎርፉ አፈሩን ጠራርጎ ጣሳውን በወንድሙ ሞት ለቀስተኛ በተሰበሰበበት ደጃፍ ላይ ያወጣዋል። የአጎትየውን ፊት ያን ጊዜ ማየት ነው! ባለቤታቸው ረቂቁን ሲያነቡ ወጥ አሳርረዋል፤ ተቆጥተውም «ይሄን በእውነት አንተ ነህ የጻፍከው?» ብለዋል። አቶ ይታያል በትዳር ዘመናቸው እንዲያ ያለ ሙገሳ ሰምተው አያውቁም።

አቶ ይታያል ከዚህ ዓለም የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር። መጽሐፋቸው በወረቀት ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ በእጃቸው ይዘውት ማየት። ሳሎን ካለው መደርደሪያ ላይ ሌሎቹን መጻሕፍት ገፋ ገፋ አድርገው አንዲት መጽሐፍ የምታህል ቦታ ከፍተው ነበር። ባለቤታቸው አቧራ ሲያራግፉ ያችንም ባዶ ቦታ ይጠርጓት ነበር።

«እንግዲያው ውሰድና ለአሳታሚ ስጠው» አሉ ባለቤታቸው።

«እምቢ ቢለኝስ?»

«እምቢታ ሰው አይገድልም።»

እሳቸው ግን በዚህ እርግጠኛ አልነበሩም። ተናግረውት የማያውቁትን ቃል መስማት ያስፈራል። ይህን ጭንቀታቸውን የተረዳላቸው የባለቤታቸው ወንድም ነው። ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ስለማይጠግነው ነገር ሁሉ ግን ምክር ይሰጣል።

«ጋሼ፣ አሳታሚ ደጅ መጥናት ድሮ ቀረ» አለ እግሩን አነባብሮ። «መጀመሪያ ራስህ ኢቡክ አድርገህ ኢንተርኔት ላይ ልቀቀው። አንባቢ ይግተለተላል። አሳታሚ ማለት ዝንብ ማለት ነው፤ ግርግር ሲያይ ራሱ ይመጣል። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ፣ ወረቀት ከታተመ አለቀ፤ ኢቡክን ግን በፈለግህ ሰዓት ታስተካክለዋለህ። አንተ አንዴ ስትነካው የሁሉም ሰው ስልክ ላይ ያለው አብሮ ይለወጣል።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ እህቱ ከወጥ ቤት።

ማን ይስማቸው! ኢቡኩ በዚያው ሳምንት ተለቀቀ። በቅሬታ ሰሚ ክፍሉ በር ላይም «ውድ ባለጉዳዮች፣ ወረፋ ስትጠብቁ የኃላፊውን መጽሐፍ በስልካችሁ አንብቡ፤ አስተያየት ይሰጥበታል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወረፋው ረጅም ስለ ነበር የአንባቢ ችግር አልገጠማቸውም። አንዳንድ ባለጉዳይ ጉዳዩ ሳይጀመር መጽሐፉን ጨርሷል።

የመጀመሪያዋ ቅሬታ አቅራቢ አክስታቸው ነበሩ፤ በስልክ።

«አንተ ልጅ! ያ ሌባ አጎት ማነው?»

«አክስቴ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው። ማንም አይደለም።»

«ባሌን ነው የጻፍከው! መቃብሩ ውስጥ ተገላበጠ እኮ!»

«አጎቴ ሌባ ነበሩ እንዴ?»

«በጭራሽ! ለዚህ እኮ ነው የምቆጣህ። ደግሞም ወርቁን መልሶላቸዋል!»

አቶ ይታያል የለመደ አፋቸውን «ይታያል» ሊሉ ከፈቱት። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ፊታቸው ነበረ፤ አጎትየውም ከጣታቸው ሥር ነበር። ነኩት። «ሰረቀ» የሚለውን አጥፍተው «አደራ አስቀመጠ» አሉ። በቃ፣ ቅሬታው ተፈታ! አክስታቸው መረቋቸው። ኧረ ደስ ሲል! በሥራ ዘመናቸው ሙሉ እየሰሙ ብቻ የኖሩትን ቅሬታ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ፈቱት። ያን ምሽት እራታቸውን እያፏጩ በሉ።

ከዚህ በኋላ መጽሐፉ በአሠራር ይመራ ጀመር። ማንኛውም የአንባቢ ቅሬታ ተመዝግቦ፣ ተመርምሮ፣ በዕለቱ ምላሽ እንዲያገኝ ተወሰነ። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ መጽሐፉ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ የሚውል ባለሥልጣን ማየታቸውን ቅር እያላቸው አሳወቁ፤ ሻዩ ከባለሥልጣኑ ፊት ተነሣ፤ በፋንታው ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ የሚገባ ሆነ። አንድ የጥርስ ሐኪም፣ የአጎትየው ልጅ ጥርሷን ስትነቀል መጮኋ ሙያውን እንደሚያስነቅፍ ጻፈ፤ ልጅቷ ፈገግ ብላ ተነቀለች። አንዲት እናት ወረፋ ላይ ሆነው ልጅቷና ወዳጇ በመሸ ጊዜ ድልድይ ሥር መገናኘታቸውን ተቃወሙ፤ ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት ሳሎን ውስጥ፣ አባቷ መሐላቸው ተቀምጦ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ለእያንዳንዱም እንዲህ የሚል ምላሽ ተሰጠ፦ «ክቡር አንባቢ፣ ያቀረቡት ቅሬታ ተገቢ ሆኖ ስለተገኘ ገጸ ባሕሪው ከዛሬ ጀምሮ እርማት ወስዷል።»

ኮከብ ዘነበ። ቅሬታው የተፈታለት ሁሉ አምስት ኮከብ እየሰጠ ሄደ።

«ስማ» አሉ ባለቤታቸው አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው፣ «ያ ድልድይ የት ገባ?»

«አንዲት እናት ቅር አላቸው።»

«እኔ ደግሞ የወደድኩት ድልድዩን ነው። የእኔን ማን ይስማኝ?»

«በጽሑፍ አቅርቢው።»

ባለቤታቸው ስልካቸውን አስቀመጡ። ቀጥለውም «ኧረ ቢያንስ የመጀመሪያውን አንድ ቦታ አስቀምጠው» አሉ።

«ቅሬታው የተፈታ ፋይል ይዘጋል፤ የተዘጋ ፋይል ይወገዳል። አሠራሩ ነው» አሉ አቶ ይታያል፤ ደግሞም አደረጉት። እርማት በገባ ቁጥር አሮጌውን አጥፍተው አዲሱን ብቻ ያስቀምጡ ነበር። ረቂቁ የተጻፈበትን ወረቀትም ለክፍሉ አሮጌ ሰነድ ማቃጠያ ሰጥተውታል። ሥርዓት ያለው ሰው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ባለሱቋ እንመለስ። ይህች ሴት ሞኝ አይደለችም። በቢሮው በኩል ለዓመታት መልስ ሳታገኝ ኖራ፣ በመጽሐፉ በኩል ግን ሰው ሁሉ በዕለቱ መልስ ሲያገኝ አየች። ዱቄቷን እየመዘነች አሰበችበት፤ ከዚያም በአንድ ጣቷ እየነካካች ጻፈች፦ «መጽሐፉ ደስ ይላል። ግን ምዕራፍ አራት ላይ ቦዩ ተደፍኗል። ክረምት ሊገባ ነውና ይጠረግልን።»

አቶ ይታያል አነበቡ። ቅሬታው በእርግጥም ተገቢ ነበር። ያን ዕለት ምዕራፍ አራት ውስጥ አካፋና ዶማ የያዙ ሠራተኞች ተሰማሩ፤ ቦዩ ተቆፈረ፣ በድንጋይ ተገነባ፣ የብረት ክዳን ገባለት። «ክብርት አንባቢ፣ ቦዩ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል» የሚል ምላሽም ተላከ።

ባለሱቋ ምላሹን ስታነብ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሮጣ ወጥታ ደጃፏን አየች። ቦዩ እንደ ተደፈነ ነው፤ እንዲያውም አንድ የሞተ ድመት ተጨምሮበታል። ወረፋውን ጥሳ ቢሮ ገባች።

«ጌታው፣ ተጠርጓል አላሉኝም?»

«ተጠርጓል እንጂ እመቤት። በጣም ነው ያማረው።»

«የት?»

«ምዕራፍ አራት።»

«እኔ የምኖረው የት መሰለዎት?»

አቶ ይታያል ይህን ጥያቄ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ብዕራቸውንም ከደኑ። የቀረውን እርስዎም ያውቁታል።

ከዚያ ሳምንት አላለፈም፣ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ የታወቁ ሽማግሌ አሳታሚ ናቸው። አንድ ቀን ለቅሬታ መጥተው ወረፋ ላይ ሳሉ መጽሐፉን ጀምረው ነበር።

«በሕይወቴ ወረፋዬ እንዳይደርስ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው» አሉ አሳታሚው። «ያ አጎት! ያ ጎርፍ! ግማሽ ላይ ስደርስ ጠራኸኝ። እንደ ምንም ብለህ ይዘህልኝ ና፤ በወረቀት ላሳትመው እፈልጋለሁ።»

አቶ ይታያል መሬት አልበቃቸው አለ። የባለቤታቸው ወንድም «ዝንቡ መጣ አላልኩህም?» አለ። ባለቤታቸው ሸሚዛቸውን ተኮሱላቸው፤ በሩ ድረስም ሸኟቸው። ሲመለሱ ሳያስቡት መደርደሪያው ፊት ቆመው ያችን ባዶ ቦታ በእጃቸው ጠረግ አደረጓት።

የአሳታሚው ቢሮ እስከ ጣሪያው በመጽሐፍ የታጨቀ፣ ሙጫ ሙጫ የሚሸት ክፍል ነው። አሳታሚው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው፣ አቶ ይታያል ያመጡትን አዲሱን፣ የተስተካከለውን፣ ቅሬታ የሌለበትን መጽሐፍ ይገልጡ ጀመር። ገለጡ። ገለጡ። ቆም አሉ።

«ወርቁ የታለ?»

«የወርቁ ባለቤት ጋ ነው። አደራውም ቅሬታ ቀርቦበት ተነሥቷል።»

«ጣሳውስ?»

«እንደተቀበረ ነው፤ ባዶ ግን ነው።»

«ባዶ ጣሳ ለምን ይቀበራል?»

«ስለሱ እስካሁን ቅሬታ አልቀረበም።»

«እሺ ጎርፉስ?»

«ቦዩ ተጠግኗል» አሉ አቶ ይታያል፤ በትሕትና ቢሉትም ኩራታቸው አልተደበቀም።

አሳታሚው መነጽራቸውን አወለቁ። «ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልተጣላም፣ ማንም አልረጠበም። ታዲያ እኔ ገጹን የምገልጠው ምን ልሁን ብዬ ነው?»

«አንባቢው ግን ረክቷል ጋሼ። ይሄው፣ ኮከቡን ይመልከቱት፤ ሁሉም አምስት ነው።»

«ልጄ፣ ሆቴል ነው እንዴ የከፈትከው?»

አሳታሚው ግን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግድየለም፣ ስህተት ያለ ነው» አሉ። «የመጀመሪያውን አምጣልኝ። ያንን ሌባ ብቻ አምጣልኝ፤ ነገውኑ ማተሚያ ቤት አስገባዋለሁ።»

የመጀመሪያው የለም። አቶ ይታያል በገዛ እጃቸው፣ በሥርዓቱ፣ ደረጃ በደረጃ አስወግደውታል። ይፈሩት የነበረው «እምቢ» ነበር፤ «እሺ» መጥቶ በር ላይ ቆሞ የሚሰጡት ነገር ማጣትን አስበውት አያውቁም። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ሐዘን ገጥሟቸው አያውቅም፤ የአጎታቸው ለቅሶ ላይ እንኳ እንዲህ አልሆኑም።

ቤታቸው ገብተው ከአእምሯቸው መልሰው ሊጽፉት ሞከሩ። ምን ዋጋ አለው! አጎትየው እጁን ወደ ወርቁ በዘረጋ ቁጥር የአክስታቸው ስልክ የሚጮህ ይመስላቸዋል፤ ደንግጦ እጁን ይሰበስባል። ልጅቷን ድልድይ ሥር ቢያመጧት አባቷን አስከትላ ትመጣለች። ጨዋነት አንዴ ከገባ አይወጣም። ባለቤታቸው አንዳች ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ «አላልኩህም ነበር?» እንኳ አላሉም። እሱ ነው ይበልጥ የጎዳቸው።

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ዋናው ኃላፊ በዚያው ሰሞን ቢሯቸው አስጠሯቸው።

«ቅሬታ ሁሉ የተፈታበት ሰነድ አለህ አሉ።»

«መጽሐፍ ነው ጌታዬ። ልብ ወለድ ነው።»

«ሐቀኛ ሰዎች፣ ማልዶ የሚገባ ኃላፊ፣ የማያሳምም ሕክምና፣ የተጠገነ ቦይ። አለበት የለበትም?»

«አለበት።»

«ታዲያ ይሄ የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርታችን አይደለም?»

«ጌታዬ፣ እሱ እኮ የፈጠራ ሥራ ነው።»

ዋናው ኃላፊ ከልባቸው ተገርመው አዩዋቸው። «እኛስ በየዓመቱ ምን ስንጽፍ የኖርን መሰለህ?»

እነሆ የአቶ ይታያል ምኞት ተፈጸመ። መጽሐፋቸው በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታተመ፤ ጠንካራ ሽፋን ለበሰ፤ ርዕሱ በወርቅ ቀለም ተጻፈ። የደራሲው ስም በቦታ ጥበት ምክንያት አልገባም፤ የዋናው ኃላፊ ፎቶግራፍ ግን ከሁለት አቅጣጫ ገብቷል። አንዱን ቅጂ ይዘው ቤታቸው ገቡና መደርደሪያው ላይ ሊያስቀምጡት ሞከሩ። ቁመቱ በለጠ።

«አልገባ አለ?» አሉ ባለቤታቸው።

«በጎኑ ገባ» አሉ አቶ ይታያል።

ቅጂዎቹ ለባለድርሻ አካላት መታደል ሲጀምሩ ክረምቱም ገባ። ዝናቡም ሪፖርቱን ያላነበበ ይመስል ጣለ። አቶ ይታያል በመስኮታቸው ሲመለከቱ ባለሱቋ በባልዲ ውኃ ከሱቋ እየቀዳች ወደ መንገድ ትደፋለች፤ መንገዱ ደግሞ መልሶ ይሰጣታል። ልባቸው ድንጋይ አይደለም፤ አዘኑላት። አንድ ቅጂ በኮታቸው ሸፍነው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ተሻገሩ።

«እመቤት፣ ይሄ ከእርስዎ አስተያየት ጭምር የተሠራ ነው። ምዕራፍ አራትን ይመልከቱት።»

ባለሱቋ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ውኃው ቁርጭምጭሚቷን አልፏል፤ ከጥግ ያለው የዱቄት ጆንያ እየራሰ ነው። ከፍታ አነበበች፤ «በበጀት ዓመቱ ቦዩ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል» ይላል። ፎቶግራፉን አየች። ወርቃማውን ጽሑፍ በጣቷ ዳሰሰችው። አልተሳደበችም፤ አቶ ይታያል ስድቡን ተዘጋጅተውለት ነበር።

«ጌታው» አለች የምሯን፣ «እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚከራይ ቤት ይኖር ይሆን?»

አቶ ይታያል አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ምን ይበሉ! «ይታያል» ብለው ወጡ። የሚገርመው ግን የዚህን ጊዜ ጉዳዩን አዩት። ያን ዕለት ከሥራ ሲመለሱ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ኮምፒውተሩን ከፍተው ምዕራፍ አራት ውስጥ ከቦዩ ማዶ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ጣሪያው የማያፈስ አንድ ክፍል ሠሩ። መደርደሪያ አስገቡለት፣ መብራት አስገቡለት፣ በሩ ላይም «የሚከራይ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ዱቄት የሚቀመጥበት ቆጥ ሳይቀር አልዘነጉም። ከዚያ በፊት ጽፈው እንዲህ ረክተው አያውቁም።

በማግሥቱ ከመጽሐፉ ሥር የባለሱቋ አስተያየት ሰፍሮ ተገኘ።

«ክፍሉን አየሁት፤ ወድጄዋለሁ። ቁልፉን ከማን ልቀበል?»

ይህች ጥያቄ በመጽሐፉ ታሪክ ምላሽ ያላገኘች ብቸኛዋ ቅሬታ ሆና እስከ ዛሬ አለች። አቶ ይታያል ዕለት ዕለት ይከፍቷታል፣ «ይ» ብለው ይጽፋሉ፣ መልሰው ያጠፏታል። ባለሱቋ ግን አልተቀየመችም፤ አምስት ኮከብ ሰጥታዋለች።